ሦስተኛው ብስኩት

ዋንዳ ስተርጅል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ኦሃዮ ውስጥ አንድ መንገድ ነበራት፤ አስራ አንድ ማይል፣ አስራ ዘጠኝ ማቆሚያ። ጠዋት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ከገዛ ዘመዶቿ የበለጠ ታውቃቸው ነበር። ጡረታ በወጣች በወሩ ቤቷን ሸጠች፤ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ መኪና ገዛች፤ ሦስት ውሾቿን ጫነችና «ከእንግዲህ አንድ ዛፍ ሁለቴ ካየሁ ዓይኔ ይጥፋ» ብላ ወጣች። ይኸው ስድስት ዓመቷ።

ብርዱ ሲገባ እንደ እሷ ያለው ሁሉ አሪዞና በረሃ ይወርዳል። እዚያ የመንግሥት መሬት ላይ አስራ አራት ቀን በነፃ ትቆማለህ። ከዚያ በኋላ ነቅለህ ሃያ አምስት ማይል ትርቃለህ። ሌላው ሰው «ምነው ትንሽ ቢጨምሩልን» እያለ ሲነጫነጭ ዋንዳን የሚያቃጥላት አስራ አራት ቀን መብዛቱ ነው። ዘጠነኛው ቀን ላይ እግሯን መብላት ይጀምራታል። አስረኛው ላይ ከእንቅልፏ ተነስታ መሪ ላይ ተቀምጣ ቁርሷን ትበላለች። አብዛኛውን ጊዜ አስራ አንደኛውን አታየውም።

ከውሾቹ ሁለቱ፣ ዱክና ጁን፣ ትልልቆች ናቸው። ሞተር ሲነሳ ሒሳብ እንደ ከፈለ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ጉብ ይላሉ። ሦስተኛው ኦቲስ ነው። እግሩ አጭርና ወልጋዳ፣ ጆሮው ከሌላ ውሻ የተዋሰው የሚመስል። ኦቲስ ሞተር አይወድም። ሞተር ሲነሳ አልጋ ስር ይገባል፤ ሞተር ሳይጠፋ በስጋም አይወጣም። ኑሮው መኪና ውስጥ ሆኖ መኪና የሚፈራ ውሻ።

ዋንዳ ከመነሳቷ በፊት መኪናዋን አንዴ ትዞራለች። እዚያ በረሃ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ይዞራል፤ እሷ ግን የተማሪ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ ጮክ ብላ ነው።

«አንቴና፣ ወርዷል። መወጣጫ፣ ገብቷል። ጋዝ፣ ተዘግቷል። ታኮ፣ ተነስቷል።»

መጨረሻ ላይ ውሾቹን ትቆጥራለች። ኦቲስ ስለማይታይ በዓይን አትቆጥርም፤ በብስኩት ነው። ሁለቱን ወደ ፊት፣ አንዱን አልጋ ስር ትወረውርና ጆሮዋን ትጥላለች። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ሦስት ከሆነ ትሄዳለች። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ልጅ ጥላ ሄዳ የማታውቅ ሴት ናት።

ያን ሰሞን መኪናዋ ተበላሽታባት፣ ዕቃው ታዞ እስኪመጣ አስራ አራቱንም ቀን ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር። በአስራ አራተኛው ቀን ጠዋት ደጅ ያነጠፈችውን ምንጣፏን ጠቅልላ ስትጨርስ ጎረቤቷ ቨርን ሲኒውን ይዞ መጣ። ቨርን ጡረታ የወጣ በያጅ ነው። ሲያወራ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንደሚወጣ የጭነት መኪና ነው፤ አንድ ቃል ይላል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል።

«ዛሬ... ትሄጃለሽ።»

«አሁን።»

«እኔ ግን... ሳስበው...»

«ቨርን፣ አንተ አስበህ እስክትጨርስ እኔ ካሊፎርኒያ ደርሻለሁ።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሲኒውን ይዞ ሌላ ቃል ሳይጀምርባት ዘላ ገባችና ሞተሩን አስነሳች። ብስኩቱን አልወረወረችም። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አርባ ማይል ሄዳ ነዳጅ ማደያ ቆመች። የብስኩቱን ቆርቆሮ ስትከፍት ነው ጠዋት መርሳቷ ትዝ ያላት። ወረወረች። ቀጭ። ቀጭ። ጠበቀች። ሦስተኛው ብስኩት አልጋው ጠርዝ ላይ እንደወደቀ ቀረ። ተንበርክካ ስታይ አልጋው ስር መጥረጊያና አንድ ካልሲ ብቻ ነበር። ለካ ምንጣፉን ስትጠቀልል ክፍት በተወችው በር ሾልኮ ወጥቷል።

እንዴት እንደተመለሰች እሷም አታውቀው። ደርሳ ስታይ ቦታው ባዶ ነው። ምንጣፉ የነበረበት መሬት ነጣ ብሎ ይታያል፤ የጎማዋ ምልክት አለ፤ ውሻ የለም። «ኦቲስ» እያለች ቁጥቋጦውን ሁሉ በመኪና ዞረችው። ጡሩምባ ነፋች። ወደ ኮረብታው ነዳች፣ ወደ ፈፋው ነዳች፣ ተመልሳ ወደ ኮረብታው። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስትሆን ቨርን መንገዱ መሃል ቆሞ እጁን አነሳ።

«ዞር በል፣ ልለፍበት» አለች በመስኮት።

«አንድ ነገር... ልጠይቅሽ።»

«ፈጠን በል።»

«ያ ውሻ... ከሁሉም ነገር አብልጦ... የሚጠላው ምንድን ነው?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሞተሩ ከስሯ ድርርርር ይላል። አፏን ዘጋች። ሞተሩንም አጠፋች።

«ከጠዋት ጀምሮ እያባረርሽው ነው» አለ ቨርን። ይህችን ሳይቆም ነው የተናገራት።

ከዚያ ምን እንደምታደርግ ነገራት። መኪናዋን ገፍታ እንዳታቆማት አትቻልም፤ ስለዚህ አንዴ ብቻ አስነስታ የድሮው የጎማ ምልክት ላይ አቆመቻት። ምንጣፉን የነጣው መሬት ላይ ዘረጋች። ታጣፊ ወንበሯን አወጣች።

«ያልታጠበ... ልብስ አለሽ?»

«ይኼ ለሴት ልጅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው?»

«ይሸታል ወይ ነው... የምልሽ።»

«ካንተ ያነሰ።»

ካልሲዎቿን ምንጣፉ ላይ ደረደረች። ከዚያ ቨርን መዳፉን ዘረጋ።

«ቁልፉን።»

«ምን ልታደርግበት?»

«እኔ ምንም። አንቺ... እንዳታደርጊበት ነው።»

እዚያ በረሃ ላይ ሰው ውሃ ያበድራል፣ ጋዝ ያበድራል፣ ሻወሩን ያውሳል። የመኪናውን ቁልፍ ግን ማንም ለማንም አይሰጥም፤ ቤቱ ናታ። ዋንዳ ሁለቴ አወጣችው፣ ሁለቴ መለሰችው። በሦስተኛው ሰጠችው።

ከሰዓት በኋላ የመሬቱ ጠባቂ ማሪሶል መጣች። ወጣት ናት፣ ትሁት። ቨርን ከሩቅ እጁን ሲያወዛውዝ መኪናዋን ትታ በእግሯ ደረሰች።

«ወይዘሮ ዋንዳ፣ ቀንዎ እኮ ሞልቷል። እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ቀድመው ነበር የሚሄዱት።»

«ሄጄ ነበር ልጄ። ተመለስኩ» አለችና የሆነውን ነገረቻት።

ማሪሶል ካልሲዎቹን አየች፣ ፀሐይዋን አየች። «እስከ ነገ ፀሐይ መጥለቂያ። ከዚያ በላይ ሥራዬን ያሳጣኛል። ውሃ አስቀምጡለት። ቀበሮዎቹ ዘንድሮ በዝተዋል።»

የመጨረሻዋን ባትናገራት ይሻል ነበር። ዋንዳ ተቀመጠች። ማለት፣ ወንበሩ ላይ ሆነች። ቀኝ እግሯ ምንጣፉን እንደ ነዳጅ ይረግጣል። ትነሳለች፣ ካልሲ ታስተካክላለች፣ ትቀመጣለች። እንደገና ትነሳለች።

«ተቀመጪ» አላት ቨርን።

«ተቀምጫለሁ።»

«ቂጥሽ ተቀምጧል። ሌላው... እየነዳ ነው።»

ሌሊቱ እዚያው ወንበር ላይ ነጋ። ውሃው እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም። ዋንዳ ፊቷ አብጧል።

«አስር ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«አይሆንም።»

«ቤቴ እኮ ናት ቨርን።»

«ቤት ከሆነች... ታዲያ... ተቀመጪባት።»

 አውቶቡስ ስትነዳ ልጅ ሲዘገይባት ሁለቴ ጡሩምባ ትነፋለች፣ እየሮጠ ይመጣል። መጠበቅ የሷ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በዚያ በኦሃዮ ብርድ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ እግራቸውን እየመቱ፣ አውቶቡሷ የምትመጣበትን ኩርባ እያዩ የሚጠብቁት ልጆቹ ነበሩ። አሁን እሷ ማቆሚያው ላይ ናት። እሷም እግሯን እየመታች ነው።

ረፋድ ላይ የጁን ጆሮ ቆመ።

ኦቲስ ከፈፋው ወጣ። አልሮጠም። ሽንቱን ሸንቶ እንደሚመለስ ሰው ተዝናንቶ ነው የመጣው። ታፋው ላይ ዶሮ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል የቁልቋል እሾህ ተሰክቷል፤ ከንፈሩ ላይ ሌላ። ዋንዳ ልትነሳ ስትል ቨርን ጉልበቷን ያዘ። ውሻው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆመ። ካልሲዎቹን አሸተተ። አንገቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ምንም የለም። ከዚያ መጥቶ ቀኝ እግሯ ላይ ተኛ። እግሯ ቆመ።

ቨርን ያዘላት፣ እሷ በፀጉር ማበጠሪያ እሾሁን እየፈነቀለች ጣለችው። አንዴም አልነከሳትም። ውሃውን አንጠፍጥፎ ጠጣው።

«እስከ ማታ... ጊዜ አለሽ» አለ ቨርን።

ዋንዳ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። ለሷ ይህ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች።

«ቁልፌን።»

ቨርን እየሳቀ ሰጣት። መኪናዋን ዞረች፤ አንቴና፣ መወጣጫ፣ ጋዝ፣ ታኮ። ኦቲስን ራሷ ተሸክማ አስገብታ በሩን ዘጋች። ሞተሩ ሲነሳ አልጋው ስር ገባ። ቀጭ። ቀጭ። ቆየት ብሎ፣ ቀጭ።

መቶ ሜትር ሳትሄድ የፍሬን መብራቷ በራ። ወርዳ ተንበርክካ አልጋው ስር አየች። አለ። ሄደች። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ እንደገና በራ። አስፋልቱ መጋጠሚያ ላይ ክንዱ የተሰበረ አንድ ትልቅ ቁልቋል አለ። ትናንት ስትሄድ አይታዋለች፣ ስትመለስ አይታዋለች፤ ይኸው በሁለት ቀን ሦስተኛ ጊዜዋ። ሥሩ አቆመችና አንድ ብስኩት ወደ ኋላ ወረወረች።

ሰማች። ከዚያ ማርሽ አስገባች።