የአባባ ሽርጥ

አባባ ክረምት ከገባ ሱሪ አይለብሱም ነበር። ገብሱን የሚያርሙት ከራሳቸው በጎች ጠጉር የተሠራ፣ ጉልበት ላይ የሚቀር ሽርጥ አገልድመው ነው። «እግር ቶሎ ይደርቃል፤ እርጥብ ሱሪ ግን ሲያንዘፈዝፍ ይውላል» ይሉ ነበር። ቀየት ገበያ ሲወጡ «ባለ ቀሚሱ መጡ» እየተባለ ቢሳቅባቸውም ዞር ብለው አያዩም።

በእኛ አገር የሟች ልብስ ለቅሶው መሐል ይዞራል። አባባ የሞቱ ጊዜ ግን ታላቅ ወንድሜ «ሰው ምን ይለናል?» ብሎ ሽርጡን ደበቀና ከሰው የተዋሰውን ኮትና ሱሪ አዞረ። አንድ ቀን እንኳ ባልለበሱት ልብስ ተለቀሰላቸው! እስካሁን ያንገበግበኛል። ሽርጡን ፈልጌ ከበሩ ጀርባ፣ ከቦታው መለስኩት፤ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ትናንት ወንድሜ ዝናብ አበስብሶት፣ እየተንቀጠቀጠ ከእርሻ ገባ።

«የአባባን ሽርጥ እስቲ አቀብለኝ» አለ።

«ሰው ምን ይለናል?» አልኩት።