የአቶ ፈቃደ ገጽ አርባ ሰባት

አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሲቀላው ሙዝ ጫኝ አቶ ፈቃደ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ትከሻቸውን ለመኪና ያከራዩ ላብ አደር፣ ከዛሬ ጀምሮ የታሪክ ጸሐፊ ሆነዋል!

መጽሐፋቸው የጫኞች ታሪክ ነው፤ ዘጠና ስድስት ገጽ። ያሳተሙት አምስት ቅጂ ብቻ፤ በየዓመቱ ለሠራተኛ ታሪክ የሚሸልመው የአዲስ አበባ ማኅበር የሚጠይቀው አምስት ነዋ። ደንቡ ደግሞ "ገጽ የጎደለው መጽሐፍ አንቀበልም" ይላል። ጣቱ የጎደለ ጫኝ ዕድሜ ልኩን ሲሸከም ዝም ያለ አገር፣ ለገጽ ጉድለት ደንብ አለው።

ጣጣው ገጽ አርባ ሰባት ነው። በ1998 ዓ.ም. ጫኞቹ "ዋጋ ካልተጨመረ አንሸከምም" ብለው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዙን ሦስት ቀን አስተኙት። አንድ ሰው የመሪዎቹን ስም ለነጋዴዎቹ ሹክ አለ፤ ሰባት ሰው ተባረረ። ፈቃደ ሰውየውን በስሙ ጻፉት፦ ወልደየሱስ። ያኔ አድርባይ፣ ዛሬ ባለ ነጭ ጋቢ፣ በየሰርጉ መራቂ። ሲቀላ ማተሚያ ቤት የገባ ምስጢር ደግሞ ከሙዝ ቀድሞ ይበስላል፤ ወሬው ወልደየሱስ ጆሮ ደረሰ።

ዛሬ ዓርብ መጽሐፍ የመላኪያው የመጨረሻ ቀን ነው። ፈቃደ የአምስቱን መጽሐፍ ጥቅል አቅፈው ወደ ሴቻ ፖስታ ቤት ሊወጡ በሩን ሲከፍቱ፣ ወልደየሱስ የላኳቸው አራት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ደጃፉ ላይ ተንበርክከዋል። እዚህ አገር ድንጋይ ያነሣ ጎረምሳ እንኳ ያን ሳር ሲያይ ይቆማል። ደም ሲያበርድ የኖረ ሳር፣ ዛሬ ገጽ ሊያስቀድድ መጣ!

"ተነሡ አባቶቼ፣ ወንበር ላምጣ።"

"ያችን ገጽ ካልቀደድክ አንነሣም።"

"ብቀድዳት ማኅበሩ አይቀበለኝም።"

"አትላከዋ! ሙዝ ለተሸከመ ሰው መጽሐፍ ምኑ ነው?"

የፈቃደ ባለቤት ወይዘሮ በለጥሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። ከተባረሩት ሰባት ሰዎች አንዷ እሳቸው ናቸው።

"አባቶቼ፣ እኔ የተባረርኩ ጊዜ ይህ ሳር አልበቀለም ነበር?"

አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ "እውነትሽን ነው፣ ልጄ። ግን ሳሩ አንዴ ወረደ" አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ፖስታ ቤቱ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። ሳሩ የወረደው ለቤቱ ሁሉ ነው፤ ባልም ሚስትም በአጥር ቢዘሉ እንደረገጡት ይቆጠራል። ቢረግጡት ነውረኛ፣ ገጹን ቢቀድዱ ከሀዲ። ኩንታል ያላጎበጣቸው ሰው አምስት መጽሐፍ ታቅፈው፣ ከበሩ ወዲህ ጎብጠው ተቀምጠዋል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ላይ ሳር አልወረደም። የጓሮው አጥር አጭር ነው፤ ወይዘሮ በለጥሽ ጥቅሉን ከላይ ያቀብሉሃል፤ ሴቻ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ብቻ እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት አንድ ነገር ንገረን፤ ወልደየሱስ ያንተ አጎት ቢሆኑ...