ሴቲንግ የነካ እጅ

ሰውየውን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

ሆሳዕና ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ የሬጅስትራሩን ሲስተም እንድንሠራ የቀጠረን ሁለታችንን ነበር። እሱ ሃምሳን ያለፈ፣ ለዓመታት ኮምፒውተር ሲያስተምር የኖረ፣ አባቱ በሥራ ዝውውር ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነው። እኔ የሌሞ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ሀዲይሳ፣ ውጭ አማርኛ። ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ነው ይህንን ያገኘሁት። የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ሲሆን ግምገማዬን የሚጽፈው ደግሞ እሱ ነበር። ካልወደደኝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሌሞ መመለሴ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ስለነበር ሁሉም ሥራ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በፈረቃ ተካፈልነው፤ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ። ጠባችን የተጀመረው በዚህ ፈረቃ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ በምንጽፍበት የኮድ ቋንቋ አንድ መስመር ከዳር ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚጀምር ለውበት የሚደረግ ነገር አይደለም። «ፋይሉ ከጎደለ» ከሚል መስመር ሥር ገባ ብሎ የተጻፈ ትእዛዝ የሚሠራው የተማሪው ፋይል ሲጎድል ብቻ ነው። ያው ትእዛዝ ትንሽ ወደ ዳር ከወጣ ለሁሉም ይሠራል። እኔ ለአንድ እርከን አራት ስፔስ፣ ማለትም አራት ባዶ ቦታ፣ እጠቀማለሁ። እሱ በአንድ ምት መስመሩን ወደ ውስጥ የሚገፋውን ታብ ይመታል፤ አንዱ ታብ የስምንት ስፔስ ያህል ሰፍቶ እንዲታየውም ኮዱን የምንጽፍበትን ፕሮግራም፣ የኤዲተሩን፣ ሴቲንግ ይቀይራል። ከሰዓት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ወደ አራት መመለስ ነው። ጠዋት እሱ መልሶ ስምንት ያደርገዋል።

አንድ ቀን ሞኒተሩ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፤ «ሴቲንግ የሚነካ እጁን ይሰብስብ» ይላል። ቀድጄ ጣልኩት። በማግስቱ ፈረቃ ስንለዋወጥ ኮዴን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ምነው ልጄ፣ ኮድሽም እንደ አማርኛሽ ተንጋደደ?» አለኝ። የቢሮው ጸሐፊ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ፣ ግምገማዬ በእጁ ነው። ውስጤ ግን አረረ።

ያን ዕለት ከሰዓት ኤዲተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ጫንኩ። የኮዱን ፋይል ማንም ሴቭ ባደረገ ቁጥር ታቡን ሁሉ እያጠፋች በአራት ስፔስ ትተካለች። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስፋት ግን፣ እንዳይነቃብኝ ብዬ፣ በእሱ ስምንት ተውኩለት። በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ከተቀጠርኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም።

በማግስቱ የምርቃት ሥራ መጣ። ከምባታ ውስጥ ያለው የሺንሺቾ ቅርንጫፋችን የተመራቂዎቹን ፋይል በወረቀት ነው የሚልክልን፤ ስለዚህ ከእነሱ ውስጥ ፋይሉ የጎደለበት ተማሪ ስሙ አጠገብ «አላሟላም» እንዲባል ታዘዘ። ትእዛዙን ጠዋት እሱ ጻፈው፤ «ፋይሉ ከጎደለ» ከሚለው ሥር በስምንት ስፔስ ከገባው የእኔ መስመር ቀጥሎ፣ በአንድ ታብ። በእሱ ዓይን ልክክ ብሎ ገጥሟል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ይጮህ ስለነበር ሴቭ አደረገ፣ ዘጋው፣ ወጣ። ታቡ አራት ስፔስ ብቻ ሆነ። መስመሩ ከ«ፋይሉ ከጎደለ» ሥር ወጥቶ ለሺንሺቾ ልጆች ሁሉ የሚሠራ ሆነ።

ከሰዓት ዝርዝሩን ያተምኩት እኔ ነኝ። አይቼዋለሁ። ከሺንሺቾ የመጣው ስም በሙሉ «አላሟላም» ይላል። ምንም አልደነቀኝም። በእኛ ቢሮ «የሺንሺቾ ፋይል» ማለት የጎደለ ፋይል ማለት ነበር፤ ሻይ ስንጠጣ የምንስቅበት ነገር ነው። ኮዱን ከፍቼ ልየው አላልኩም፤ የእሱን መስመር ማንበብ እንደ መሸነፍ ይሆንብኝ ነበር። ማኅተም አስመትቼ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊዋ ደውላ ቶሎ ነይ አለችኝ። ሰሌዳው ፊት አንዲት ልጅ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። አባቷ አልጮኸም። ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት ባርኔጣውን እያወለቀ፣ «ድንኳን ተክለናል እኮ፤ ዘመድ ተጠርቷል። ምንድን ነው የጎደለው? ንገሩኝና ሄጄ ላምጣው» ይላል። አማርኛው በከምባታ ቅላጼ ነው፤ እንደ እኔው አማርኛ የሚሳቅበት።

ጋሼ የተማሪዎቹን ወላጆች ሊያነጋግር ወጥቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ ላይ ማንም አልነበረም። ኮዱን ስከፍት ወዲያው ገባኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ደግሞ መስመሩን ማስተካከል አልነበረም። የጫንኳትን ፕሮግራም አጠፋሁ።

የኮሌጁ ዲን ሁለታችንንም ጠሩን።

«ይህን መስመር የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ።

«ያተመችው እሷ አይደለችም?»

«የታዘዘችውን ነው ያተመችው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እኔ ወለሉን አየሁ። አፌን ለመክፈት በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ዲኑ ማስታወሻ እየጻፉ ነበር። አልከፈትኩትም።

ዝርዝሩ በዚያው ቀን ተስተካክሎ ተለጠፈ፤ ልጅቷም ተመረቀች። እሱን ግን ከሲስተሙ አንስተው የማታ ተማሪዎችን ጽሕፈት እንዲያለማምድ መደቡት። የሲስተሙን መሠረት የጣለው እሱ ነበር።

ኮሪደር ላይ ተከትዬው፣ «ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኩት።

«የጫንሽውን ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ከማጥፋትሽ በፊት» አለኝ። «በሙከራ ላይ ያለን ሰው ያባርራሉ፤ እኔን ግን ቦታ ይቀይሩኛል። ወድጄሽ እንዳይመስልሽ። አልወድሽም።»

«ለዲኑ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸዋ» ብሎ ሄደ።

ግምገማዬን ቦታውን ከመልቀቁ በፊት ጽፎት ነበር፤ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ»። ቋሚ ሆንኩ። አሁን ኮምፒውተሩ ጠዋትም ከሰዓትም የእኔ ነው። በር ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም። በአማርኛዬ የሰደበኝን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። ያደረገልኝን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም፤ ባየሁት ቁጥር ራሴን እንድጠላ ያደርገኛልና እሱን እጠላለሁ።

የዲኑ ቢሮ ከእኔ ቢሮ ሦስተኛው በር ነው። እስከ ዛሬ አላንኳኳሁም።