የአጎቴ ፈሰስ

ዛሬ የአክስቴን አስከሬን የተሸከሙት ሰዎች ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ይታያል፤ መሻገሪያ ግን የለም።

ይጁቤ አጠገብ፣ የእናቴ አገር ነው። ያ ገደል በልጅነቴ ዘልለን የምንሻገረው ቦይ ነበር።

ዞረን ሄደን ቀበርናት። ከቀብር በኋላ አጎቴን "ጋሼ፣ ምን ዓይነት ዝናብ ነው እንዲህ የቦረቦረው?" አልኳቸው።

"ዝናቡማ ከፍቷል፤ የወሩን በአንድ ቀን ያወርደዋል። መንገዱን ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። ስንዴዬ ላይ ውሃ እንዳይተኛ ፈሰስ አወጣሁ።"

ፈሰስ ማለት ውሃው ከማሳ እንዲወጣ በማረሻ የሚቀደድ ቦይ ነው።

"ወዴት አወጡት?"

"ወደ ጎረቤቴ ነዋ! እሱስ ከታች ወዳለው አይደል የሰደደው?"

እንደነገሩኝ፣ በአባታቸው ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ የሁሉም ፈሰስ የሚገባበት ሣር የለበሰ መውረጃ ይለዩ ነበር። እሱን ማንም አያርሰውም።

"መሬት ሲጠበን እኛ አረስነው" አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

እኔ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሦስት ጊዜ ሠልጥኛለሁ። ሰርተፍኬቶቼ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ስለዚያ ሣር ግን የሰማሁት ዛሬ፣ ለቅሶ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ከሁሉም በታች ማን እንዳለ አላሰባችሁም?"

በከዘራቸው ትኩሱን መቃብር አሳዩኝ። "እኛው ነና።"

እናንተ አገርስ ውሃው የት ደርሷል? ጻፉልኝ። እኔ ከአክስቴ መቃብር እስከ ገደሉ በእግሬ ለካሁት፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው።