ጥይቱ የማያልቀው ሰውዬ

ሚፍታሕ ዓብዱረሕማን ቪዲዮ ቤቱን እንደገና ከከፈተ ወዲህ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ አይነሳም። ተመልካቹ ወደ ፊት ያያል፤ እሱ ጆሮውን ወደ ውጭ ይጥላል። ባጃጅ አቀበቱን ስትወጣ ጭስ ማውጫዋ ጧ ካለ ይደነግጣል። የጎረቤት ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ይደነግጣል። በዚያ ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያልሆነ ሰው ጥቂት ነው። ጦርነት በከተማዋ አልፏል፤ አለፈ ከተባለ በኋላም ከገጠሩ በኩል ሌላ ተኩስ ይሰማል። ሰው ሁሉ ድምፅ መለየት ተምሯል፤ ይሄ ሩቅ ነው፣ ይሄ ቅርብ ነው፣ ይሄ የሠርግ ነው ይባባላል። አንዳንዴም ይሳሳታል።

ሚፍታሕ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጄ ሱቄን ይረከበኛል ብለው ያስቡ ነበር። እሱ በጎረምሳነቱ ጨርቅ ጭኖ እንዲመጣ ወልድያ ቢላክ፣ ከጨርቁ ጋር አንድ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ዴክ ታቅፎ ተመለሰ። አባትየው ዴኩን አይተው አልተቆጡም፤ ብዙ ቀን ግን ሰላምታውን አልመለሱለትም። እሱ ከሱቁ ጀርባ ያለውን የእህል ክፍል ጠርጎ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ መስኮቱን በሸራ ጋርዶ ሰው ማስገባት ጀመረ።

የሚያሳየው ፈረንጆች በእነሱ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ ዓመታት የሠሯቸውን የድብድብና የተኩስ ፊልሞች ነበር። ሰቆጣ የደረሱት ዘግይተው፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲቀዱ መልካቸው ደብዝዞ ነው። ርዕሳቸውን የሚያነብ ስለሌለ ሰው ራሱ ስም ያወጣላቸዋል። ከሁሉ የተወደደው ክንዱ ላይ መልሕቅ የተነቀሰ የወደብ ጫኝና አውራጅ የሚሠራበት ነው። ሽፍቶች ወንድሙን ይገድሉበታል፤ እሱም መትረየስ አንግቶ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ያጸዳዋል። ለዚህ ፊልም «ጥይቱ የማያልቀው ሰውዬ» የሚል ስም ወጣለት። በገበያ ቀን ከሰሃላ ድረስ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሳይቀር «ጥይቱ የማያልቀውን አሳየና» ይላል። አማርኛ ለማይቀናቸው ሚፍታሕ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ይተረጉማል። እንግሊዝኛውን እሱም አያውቀው፤ ሰውዬው አንዲት ቃል ጣል ሲያደርግ ሚፍታሕ ረጅም ፉከራ ያወርድለታል። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ አክተር አይሞትም።

ጦርነቱ ሲመጣ ሚፍታሕና ሚስቱ ፋኢዛ ሱቁን ቆልፈው በእግራቸው ወጡ። በመንገድ ያየውን ሚፍታሕ ለማንም አውርቶ አያውቅም። ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ አግዳሚዎቹ ለማገዶ ተፈልጠው ነበር። የተረፈው ኪሱ ውስጥ የነበረው፣ ፊልሞቹን የቀዳበት ፍላሽ ብቻ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥንና ስፒከር እስኪገዛ ብዙ ቆየ።

አዲሱ ደንበኛው መምህር ጌታሰው ነው። ፊዚክስ ለማስተማር ከደብረ ታቦር በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ቀልድ የሚወድ ወጣት ነው። አዳዲስ ፊልም በስልኩ ያያል፤ ቪዲዮ ቤት የሚመጣው ከሚፍታሕ ጋር ለመከራከር ይመስላል።

«ጋሽ ሚፍታሕ፣ ይሄ ፊልምዎ ጊዜው አልፎበታል» አለው አንድ ቀን። «አንድ ሰው ብቻውን ሰፈር ሙሉ ይጥላል፣ ጥይት አይቀይርም፣ እሱን አንዲት አትነካውም። ገደል ገብቶ የሚቃጠለው መኪናም የልጅ መጫወቻ መሆኑ ያስታውቃል።»

«እናንተ የምታዩትስ?»

«የእኛው አክተር ቢያንስ ሲመታ ይደማል።»

«መድማቱንማ ውጭ አይተነዋል» አለ ሚፍታሕ። «ለሱ ቪዲዮ ቤት ማን ይመጣል?»

ጌታሰው፣ «እሺ፤ ያሳዩዋ። ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠልዎ እኔ ተሸነፍኩ» አለ። በገበያ ቀን ሊያሳይ ተስማሙ።

የገበያው ቀን ሚፍታሕ ስፒከሩን አውጥቶ በሩ ላይ ሰቀለ። ፋኢዛ ጨርቅ ከምትሸጥበት ከአባቱ ሱቅ ብቅ ብላ አየችው።

«ወደ ውስጥ አስገባው፤ ሰው ይደነግጣል።»

«ሰው ካልሰማ በምን አውቆ ይገባል?»

«ሚፍታሕ፣ እኔ ራሴ እደነግጣለሁ።»

«ቀነስ አደርገዋለሁ» አላት። መጀመሪያ ላይ ቀነስ አድርጎት ነበር።

ቤቱ ሞላ። ከፊተኛው አግዳሚ ከሰሃላ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ደሞዝ የሚባል ገበሬ ተቀምጧል፤ ሚስቱን ጥሩአየሁን ማር እንድትሸጥ ገበያው ላይ ትቷት ነው የገባው። መምህር ጌታሰው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፏል። ፊልሙ ሲጀምር አንዳንዱ ሳቀ፤ የሰዎቹ ፀጉር፣ የሱሪያቸው ስፋት፣ ሙዚቃው ሁሉ ያስቃል። ወንድምየው ሲሞት ግን ሳቁ ቆመ። ደሞዝ «አይ ወንድሜን» ብሎ ጭኑን መታ። ወደቡ ላይ ውጊያው ሲጀመር ቤቱ አንድ ሰው ሆነ። ሚፍታሕ ጌታሰውን ዘወር ብሎ ቢያየው፣ መምህሩ ከግድግዳው ተላቆ አንገቱን አስግጓል። ደስ አለው። ድምፁን ጨመረ። ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ከውጭ ሰበሰበ።

መጋረጃው ተገለጠና ፋኢዛ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል አይሰማም። ስለ ስፒከሩ ልትቆጣው የመጣች መሰለውና በእጁ ቆይ አላት። ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። ከዚያ ተወችውና ወደ ግድግዳው ሄዳ የስፒከሩን ሽቦ ነቀለችው።

የፊልሙ ድምፅ ጠፋ። ተኩሱ ግን አልጠፋም።

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰውዬው ይተኩሳል፤ ከውጭ ድምፁ ይመጣል። ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ በኽምጣንጋ ዝቅ አድርጎ «ይሄ የፊልሙ አይደለም፤ የኛ ነው» አለ። ሁሉም መሬት ላይ ተደፋ። አግዳሚ ተገለበጠ፤ አንዱ በሌላው ላይ ወደቀ። ሚፍታሕ የብረት በሩን ጎትቶ ዘጋውና መወርወሪያውን አስገባ። 

ደሞዝ እየዳኸ ወደ በሩ መጣ።

«ክፈትልኝ፤ ሚስቴ ውጭ ናት።»

«አሁን አይሆንም፣ ወንድሜ።»

«ሚስቴ ናት እያልኩህ።»

ሚፍታሕ በሩን በጀርባው ተደግፎ ተቀመጠ። ለደሞዝ አዝኖ እንዳልነበር በኋላ ተናግሯል፤ ያኔ ያሰበው በሩ ከተከፈተ ጥይት ይገባል የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ሰው «ኧረ ቴሌቪዥኑን አጥፉት» አለ። ሌላው «ተው፤ ጨለማ አታድርጉብን» አለ። ሰውዬው ድምፅ በሌለው ወደብ ላይ ደረቱን ገልብጦ ይራመዳል፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሰዎች ፊታቸውን አፈር ላይ አድርገው ይተነፍሳሉ።

በሩ ተመታ።

«ክፈት።»

በሩ እንደገና ተመታ።

«ክፈት፤ አለዚያ ከነ በሩ ነው የምንመታችሁ።»

ሚፍታሕ ሸሃዳውን በልቡ ብሎ ከፈተ። መሣሪያ የያዙ ሦስት ሰዎች ገቡ። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ መለየት አልቻለም፤ ዓይኑ ከአፈሙዙ አልወጣ አለው። በዕድሜ ከፍ ያለው ቤቱን በዓይኑ ዞረ።

«ከዚህ ቤት መትረየስ ሲተኮስ ነበር። የታለ?»

«ፊልም ነው» አለ ሚፍታሕ። ድምፁ ስለቀጠነበት ደገመው። «ጌታዬ፣ ፊልም ነው።»

«እኔን ነው የምታሞኘው? መትረየስ ለይቼ የማላውቅ መሰለህ?»

«እየው፤ እዚያ ላይ ነው።»

ትልቅየው ቴሌቪዥኑን አየ። «አሰማኛ» አለ።

ሚፍታሕ ሽቦውን አነሳ፤ ሶኬቱን ማግኘት ግን አቃተው። ግድግዳውን ብቻ ይቧጭራል። ጌታሰው ከወደቀበት ቀና ብሎ «እኔ ልሰካው» ሲል አንዱ አፈሙዙን አዞረበት፤ መምህሩ ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተንበርክኮ እንደ ድንጋይ ቀረ። ፋኢዛ ናት ቀስ ብላ ሄዳ፣ ሽቦውን ከባሏ እጅ ወስዳ የሰካችው። ድምፁን መቀነስ ግን ያስታወሰ አልነበረም።

ድምፁ በሩ ላይ ካለው ስፒከር፣ ከሰዎቹ ጀርባ ፈነዳ። ሦስቱም ዝቅ አሉ። መካከለኛው ዞሮ የሚተኩስበትን ፈለገ፤ ያገኘው ቴሌቪዥኑ ላይ ወደሱ መትረየስ የደገነ ሰው ነው። ተኮሰ። መስታወቱ ረገፈ፤ ቤቱ ጨለመ፤ የግድግዳው ልስን በተደፉት ሰዎች ጀርባ ላይ ዘነበ። ድምፁ ግን ለጥቂት ጊዜ ከጨለማው ውስጥ ቀጠለ፤ ሽቦው እስኪነቀል ድረስ ሰውዬው ይተኩስ ነበር።

«ማን ተመታ?» አለ ትልቅየው። እሱም ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በጨለማው ሰው ሁሉ ራሱን ዳበሰ። የተመታ አልነበረም። ትልቅየው የተኮሰውን ባልደረባውን መሣሪያ በእጁ ወደ መሬት ተጭኖ ያዘ። ለሚፍታሕ፣ «ያን ነገር አውርደህ ስጠኝ» አለው። ሚፍታሕ ስፒከሩን አውርዶ ሰጠ። ተሸክመውት ወጡ። አልገደሉም፤ አልተሳደቡም።

ተኩሱ እየራቀ ሄዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆመ። በሩ ሲከፈት ደሞዝ ማንንም ሳያይ ሮጦ ወጣ፤ ፋኢዛ ከኋላው ተጣራች። ወደ ባሏ ከመምጣቷ በፊት ከገበያው ሸሽተው ደጇ ላይ የደረሱትን ሴቶች ሱቋ ውስጥ አስገብታ ቆልፋባቸው ነበር። ጥሩአየሁ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ተቀምጣለች፤ ማሩ በቀሚሷ ላይ ፈስሷል። ደሞዝ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

የዚያን ቀን የተጎዳው ካሤ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ እግሩን ተመታ። ሌላም ነገር ተረፈ፤ ወሬው። አንዳንዱ ተኩሱ የተጀመረው ከከተማው ዳር ነው አለ። ሌላው ደግሞ ኬላ ላይ የነበሩት ታጣቂዎች የሚፍታሕን ስፒከር ሰምተው መትረየስ መስሏቸው ነው የጀመሩት አለ። በግልጽ ፊት ለፊቱ የነገረው የለም። ሚፍታሕ ግን ሰማ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ዓይነቱ ተለወጠ። ድሮ ጥይት ይመጣብኛል ብሎ ነበር የሚፈራው፤ አሁን ጥይቱን የጠራሁት እኔ ብሆንስ ይላል።

ፋኢዛን ጠየቃት። «አንቺ ውጭ ነበርሽ። የቱ ቀደመ?»

«ተኩሱ ነው የቀደመው።»

«ወላሂ በይ።»

ፋኢዛ የያዘችውን ጨርቅ አጠፈች። «ነገርኩህ እኮ» አለች፤ አልማለችም።

ሆስፒታል ሄዶ ካሤን ጠየቀ። የወሰደለትን ብርቱካን አልጋው ላይ አስቀምጦ እንዴት እንደሚጀምር ጨነቀው። በመጨረሻ «ሲጀመር ምን ሰማህ?» አለው።

«ባጃጄ ላይ ነበርኩ፣ ጋሼ። ከሞተሩ በቀር ምንም አልሰማሁም። እግሬ ሲሞቀኝ ነው ያወቅኩት።» ካሤ ብርቱካኑን አየና፣ «የርስዎን ወሬ ሰምቻለሁ። እኔ አላምነውም። ባምነውም ደግሞ የተኮሰው ሌላ ሰው ነው» አለ። ሚፍታሕ ከዚያ ሲወጣ ቀለል አላለውም፤ መንገዱን ሁሉ ሰው እንዳያየው በጥላ በኩል ተራመደ።

ከወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ጌታሰው ላፕቶፑን ይዞ፣ ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሚፍታሕ ወደሚውልበት ወደ ጨርቅ ሱቁ መጣ። ፊልሙን ከፍላሹ ገልብጦት ነበር።

«መጨረሻውን አላየሁም» አለ። «በጆሮ ማዳመጫ እንየው፤ ማንም አይሰማም።»

ሚፍታሕ እምቢ ሊል ነበር። ፋኢዛ ግን «እየው፤ ይውጣልህ» አለችው። ገመዱን ተካፍለው አንዳንድ ጆሯቸው ላይ ሰኩ። ጌታሰው እንደ ድሮው አልሳቀም። «ተሳስቻለሁ፣ ጋሽ ሚፍታሕ» አለ። «ይሄ ሁሉ ሰው እውነት ነው የሚወድቀው። የአሁኖቹ በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት። ይሄ ሰውዬ ከክሬኑ ላይ እውነት ዘለለ። ፊልሙ ጠንካራ ነው፤ አላረጀም።»

ሚፍታሕ ዓይኑ አክተሩ ላይ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳየው የኖረውን ፊልም ገና አሁን ያየው ያህል ሆነበት። ከኋላ፣ ከሳጥኖቹ አጠገብ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ይወድቃል። ትንሽ ቆይቶ ያው ሰው ባርኔጣ አድርጎ እንደገና ይወድቃል። ማንም ስሙን አይጠራውም፤ ካሜራውም አይጠብቀውም። ሚፍታሕ ፊልሙን ስንት ጊዜ እንደተረጎመው ቢያስብ፣ ለዚህ ሰው አንድም ቃል ሰጥቶት አያውቅም።  የወደቀው ሰው ካፖርቱ ላይ፣ እንደ ጥሩአየሁ ቀሚስ፣ ማር የፈሰሰ መስሎ ታየው።

«ይብቃኝ፣ መምህር» አለና ሽቦውን ከጆሮው አወጣ።

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«አንተ ጨርሰው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ያልከው ልክ ነው። እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ።»

ጌታሰው ላፕቶፑን ከደነ። ከውጭ አንዲት ሴት ለልጇ ልብስ የሚሆን ጨርቅ እየመረጠች ፋኢዛን ታነጋግራለች። ሚፍታሕ ተነስቶ ሜትሩን ያዘና «የትኛውን ልቁረጥልሽ?» አላት። ሴትዮዋ ሰማያዊውን አሳየችው። መቀሱ ጨርቁን ሲሰነጥቅ ከወደ አቀበቱ አንድ ነገር ጧ አለ። ሁሉም፣ ሴትዮዋም፣ ፋኢዛም፣ ጌታሰውም፣ እንዳሉ ቆመው አዳመጡ። ባጃጅ ነበረች። ሚፍታሕ ጨርቁን ቆርጦ ጨረሰ፤ ጠርዙ ግን ጠምሞበት ነበርና ጨምሮ ቆረጠላት።