የሳተርን ቀለበት ከቦንጋ

ቦንጋ ፊዚክስ ላስተምር ስመደብ የጂኦግራፊ መምህሩ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የቢታ ገነት ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መብራት ጠፍቶ የክፍሉ ፕላዝማ ቀጥ ሲል ጠመኔያቸውን አንስተው ትምህርቱን ይቀጥላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳተርንን ከነቀለበቱ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል፤ በቴሌስኮፕ ግን አይተውት አያውቁም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ በስጦታ የመጣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ስለነበር ላሳይዎት አልኳቸው።

ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጣሁት፣ ሰማዩን ከየከተማው የሚያሳይ የኮከብ ሶፍትዌር ነበረኝ። ከተሞቹ መሃል ቦንጋን አጣኋት። ጋሼ ኬክሮሷንና ኬንትሮሷን ከካርታቸው አንብበው ሰጡኝና አስገባሁ። ሶፍትዌሩ አድማሱን ሜዳ አድርጎ ይስላል፤ የእኛ አድማስ ግን ደን የለበሰ ጋራ ነው። እጄን ጨብጬ ክንዴን ወደ ጋራው ዘርግቼ፣ አንዱን ጭብጥ አሥር ዲግሪ ብዬ ከፍታውን ገመትኩ። ሳተርን ከወጣ በኋላ ከጋራው በላይ ብቅ እስኪልልን አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብን። ጨረቃ የማትኖርበትን ሳምንት መርጬ፣ የቢሮው ቀለም እንዳያልቅ ሰማዩን ነጭ፣ ኮከቦቹን ጥቁር አድርጌ የሰማዩን ካርታ አተምኩ።

ሶፍትዌሩ ስለ ደመና የሚያውቀው የለም። ሳምንቱ በዝናብ አለቀ። በሚቀጥለው ወር አንድ ምሽት ሰማዩ ጠራ፤ ከእራት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቴሌስኮፑን ተከልን። ጋሼ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ቀለበቱ የታለ?» አሉኝ።

እኔም አየሁ። ቢጫ ዶቃ የመሰለ ነገር፣ መሃሉን ቀጭን ክር ያቋረጠው። ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነበር ያሳየኝ፤ እኔ ግን ተበላሽቷል ብዬ አልፌው ነበር። ቀለበቱ በዚያ ዓመት ጠርዙን ወደ እኛ እንዳዞረ፣ በደንብ እስኪከፈት ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈጅ ነገርኳቸው። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

«ያኔ እኔ ቢታ ገነት ነኝ። ታመጪልኛለሽ?»

አመጣለሁ አልኩ።

ጡረታ ወጥተው ሄዱ። እኔ በየዓመቱ ቀለበቱ ሲሰፋ ብቻዬን አየሁ። በደንብ በተከፈተበት ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ ደወልኩላቸው። ለቢታ ገነት አዲስ ካርታ ሠርቼ፣ ቴሌስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ ብዬ በሺሺንዳ በኩል እስከ መጨረሻው ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ጋሼ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ አገኘኋቸው። በካርታው ላይ የመረጥኩትን አቅጣጫ የጎረቤት እንሰት ስለጋረደው ግቢውን ዞረን በረት አጠገብ ቆምን። በደህናው ዓይናቸው ተመለከቱ።

«አየሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ከኳሱ ተለይቶ ቆሟል። በመሃል ያለው ክፍተት ራሱ ይታያል።»

ባለቤታቸውን ጠሩ። እትዬ አይተው ሳቁና ቀና ብለው የቱቦውን አፍ ፈተሹ፤ ውስጡ ሥዕል ለጥፋችሁ ነው አሉን። ጋሼ በካፊኖኖ፣ በከፋ ቋንቋ፣ ያስረዷቸው ጀመር። ከሳተርን በቀር አንድም ቃል አልገባኝም፤ እጃቸውን እንደ ቀለበቱ እያጋደሉ፣ ደግሞ እያቀኑ፣ ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ በመሃሉ ምድር እየዞረች ሳተርን ከእይታ በወጣ ቁጥር ቴሌስኮፑን ትንሽ ትንሽ እየገፋሁ እመልሰው ነበር።