ፒሬየስ የደረሰው ስንዴ

ስቶክሆልም በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ገና ሲጀምሩ፣ የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ፊቲያ በሚባል ሰፈር ነበር። ባለቤቴ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣ ስለሆነ ቋንቋውንም ሥራውንም ይዞታል፤ ማለዳ ወጥቶ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ ጠዋት ጠዋት የስዊድንኛ ትምህርት እከታተላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ተቀምጬ በመስኮት ሐይቁን አያለሁ። መማሩን እማራለሁ እንጂ አልናገርም። ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን በጣቴ አሳይቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰዎች ቋንቋ ለመለማመድ እየተሰበሰቡ እንደሚያወሩ ሰምቶ መጣና "ሂጂ እስቲ፣ ዝም ብለሽ ስትኖሪ አፍሽ ሊዘጋ ነው" አለኝ።

ሄድኩ። የገባሁት ግን በተሳሳተ በር ነው።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት አዛውንቶች ብቻ ናቸው። አንደኛዋ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ከንፈራቸውን ቀይ የተቀቡ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለው ያሰሩ ግሪካዊት ናቸው። ሌላው ሰማንያ የደረሱ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ስዊድናዊ። በስዊድንኛ ትልቁም ትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው የሚባባለው። እኔ ግን እነዚህን ሁለት ሰዎች በልቤ አንድም ቀን አንተና አንቺ ብያቸው ስለማላውቅ፣ እዚህም እንደ ልቤ እጽፋቸዋለሁ።

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግተው፣ ለቡና የመጣውን ስኳር እያነሱ እዚህም እዚያም ያስቀምጡበታል። ጨርቁ ባሕር፣ ስኳሩ መርከብ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ነገሩ የቋንቋ ልምምድ ሳይሆን ስለ ግሪክና ስለ ባሕሯ የሚወራበት ስቱዲየሲርከል፣ ማለትም ጥቂት ሰዎች ቡና እየጠጡ አንድ ጉዳይ የሚማማሩበት ስብሰባ ኖሯል። የቋንቋው ልምምድ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር። በእጄም በአፌም እየተርበተበትኩ ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ስነሳ፣ ሴትዮዋ እሳቸውን ጨምሮ ሦስት ሰው ካልሞላ ክፍሉን እንደሚወስዱባቸው ቀስ ብለው አስረዱኝ። እኔ ከሄድኩ ሁለት ይቀራሉ። ይሉኝታ ያዘኝና ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ማታ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "ስዊድን መጥተሽ ግሪክን ልትማሪ?" አለ። ደስ ካለሽ ትቀጥያለሽ፣ ካልሆነም ትተዪዋለሽ ብሎ ተወው። እኔ ግን በሚቀጥለው ማክሰኞም ሄድኩ። ሴትዮዋ ሲናገሩ ስዊድንኛው ይገባኝ ነበር። እሳቸውም በሰው አገር ቋንቋ ስለሚናገሩ ቃሉን አይውጡትም፤ አንድ በአንድ ያስቀምጡታል።

እንዲህ እያልኩ የአንድ አገር ታሪክ ተማርኩ። ግሪኮች በቱርክ ላይ ሲነሱ የደሴት ነጋዴዎች የእህል መርከቦቻቸውን መድፍ ጭነው ወደ ጦርነት እንደላኳቸው ነገሩን። ኋላም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ በየራሳቸው ምክንያት መርከቦቻቸውን ይዘው መጥተው የሱልጣኑን መርከቦች አንድ ወደብ ውስጥ አቃጠሉ። አገሪቱ ነፃ ወጣች፤ ንጉሧን ግን የመረጡላት እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ያመጡላት ከጀርመን አገር፣ ግሪክኛ የማያውቅ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ልዑል ነበር። ከዚያ በኋላ ኃያላኑ በተቀያየሙ ቁጥር ዋና ወደቧ ፒሬየስ ፊት ለፊት እየመጡ መርከብ ያቆማሉ። "ባሕር ያለው ድሃ አገር፣ በሩ መንገድ ዳር የተከፈተ ቤት ማለት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ይገባበታል" ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ስዊድናዊው ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ከእንግሊዝ መርከቦች አንዷን ያነሱና ቡናቸው ውስጥ ይጨምሯታል። ሴትዮዋ እንዳላዩ ሆነው ይቀጥላሉ።

ሽማግሌው ከዚህ በላይ ብዙም አይናገሩም። በወጣትነታቸው መርከበኛ እንደነበሩ፣ አሁን ኡፕላንድስ ቬስቢ ብቻቸውን እንደሚኖሩና ከዚያ ድረስ በባቡርና ቱነልባና በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር እንደሚመጡ ብቻ ነው የማውቀው። ለምን ያን ያህል መንገድ እንደሚለፉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በዚያ ሰሞን በጠዋቱ ትምህርት ቤት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ስነግረው በሐዘኔታ አንገቱን አዘነበለና ረኃቡ አሁን እንዴት ነው አለኝ። ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ እሳት ሲያንገበግበኝ ዋለ። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ የሰማሁት፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ያየሁት፣ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ያ ክፉ ዘመን እዚህም ድረስ ተከትሎኝ እንደመጣ ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ አገሬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወሬ እቀይር ጀመር።

ክረምቱ በገባበት በአንዱ ማክሰኞ ሴትዮዋ ስኳሩን አላነሱም። ጨርቁን ብቻ ዘርግተው ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀመሩ። ጀርመኖች አገሩን ይዘው ምርቱን ወሰዱ፤ እንግሊዞች ደግሞ ጠላታቸው እንዳይቀለብ ባሕሩን ዘጉ። መሐል ላይ ያለው ሕዝብ ተራበ። ፒሬየስ ውስጥ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። አባታቸው መርከበኛ ስለነበሩ ጦርነቱ ከባሕር ማዶ አስቀራቸው፤ ኋላም ከነመርከባቸው ሰጠሙ። ታናሽ ወንድማቸው በዚያው የረኃብ ክረምት ሞተ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ቀይ ቀለማቸውን እንደተቀቡ፣ ስለ ወደቡና ስለ ንጉሡ በሚያወሩበት ድምፅ ነው የተናገሩት። አንገታቸውን አለመድፋታቸው ገረመኝ።

"ከዚያ ሁለቱም ጠላቶች ተስማምተው የስዊድን መርከቦች ስንዴ ይዘው እንዲያልፉ ፈቀዱ" አሉ። "ነጫጭ ነበሩ። ጎናቸው ላይ የአገራቸው ስም ከቤት በሚበልጥ ፊደል ተጽፎ ነበር። ከግሪክኛ ሌላ መጀመሪያ የለየሁት ጽሑፍ እሱ ነው።" ከብዙ ዓመት በኋላ የጦር መኮንኖች በአገራቸው ሥልጣን ይዘው ባለቤታቸውን ሲያስሩ፣ ሲፈቱም አገር ጥለው መሄድ ግድ ሲሆንባቸው፣ ወዴት እንሂድ ሲባል የመጣላቸው ያ የመርከብ ጎን ላይ ያዩት ስም ነበር።

ሽማግሌው የቡና ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ከነዚያ መርከቦች በአንዷ ነበርኩ" አሉ። "እሳቱ ላይ ከሰል የምጨምረው እኔ ነኝ።"

እሳቸው ቀስ እያሉ ያወሩ ጀመር፤ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲናገሩ የሰማኋቸው የዚያን ቀን ነው። በጦርነቱ ሌላው መርከብ ሁሉ መብራቱን አጥፍቶ እየተደበቀ ሲሄድ፣ የእነሱ እንደ ሠርግ ቤት አብርቶ ነበር የሚጓዘው፤ ማንነቱ ከሩቅ ታውቆ እንዳይመታ። እንዲያም ሆኖ ፈንጂ ያገኛቸው ነበሩ። ወደብ ሲደርሱ ጆንያ ተቀድዶ የፈሰሰውን ስንዴ ልጆች ከድንጋዩ መሐል በጥፍራቸው እየለቀሙ ሲያወጡ አዩ። ወደዚህ ክፍል ያመጣቸውም ይኸው ነው፤ በዚህ ስብሰባ ማስታወቂያ ላይ የዚያን ወደብ ስም አይተው፣ ምናልባት እነዚያ ልጆች ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብለው ነበር።

"ግን አንድ ነገር አለ" አሉ። "በዚያው ጦርነት የብረት ማዕድናችንን ስንሸጥ የነበረው እናንተን ለሚያስርቧችሁ ለጀርመኖቹ ነው። ያንን ብረትና ይህን ስንዴ በአንድ አፍ እንዴት እንደምናገራቸው አላውቅበትም። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም።"

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ዞረው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። "ብረቱን የሸጠውን ሰው አላውቀውም" አሏቸው። "እኔ የበላሁት ስንዴውን ነው። እናቴ ያመጣላትን ሰው ሳታመሰግን ሞተች። በእሷ ምትክ እኔ ላመስግንዎ።"

እጃቸውን ይዘው በግሪክኛ አንድ ነገር አሉ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ሽማግሌውም አላወቁም። አንገታቸውን ግን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ፤ ሲቀበሉም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አገሬን ሲጠይቁኝ ወሬ መቀየር ተውኩ። ስለ ረኃቡ የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ፣ አዎ ነበር፣ እንዲህ ሆኖ ነበር እላለሁ፤ ከዚያም ሌላውን ሁሉ እነግረዋለሁ። መራብ ውርደት እንዳልሆነ፣ ማመስገንም ማጎንበስ እንዳልሆነ ያየሁት እኒያ ሴት ላይ ነው። ማንም በቃል አላስተማረኝም።

ስዊድንኛዬ ግን ለየት ያለ ሆነ። ዳቦ ቤት ገብቼ የምፈልገውን ዳቦ ስም ሳላውቅ፣ ስቱርማክት፣ ማለትም ኃያል መንግሥት የሚለውን ቃል ከነአገባቡ አውቃለሁ። በሁለተኛው ዓመት ለአስታማሚነት ሥልጠና ፍሌሚንግስቤሪ በሚባል ሰፈር ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። የጠየቀችኝ ሴት ሁለት ሕመምተኞች አንዱ ይከፈት፣ ሌላው ይዘጋ ብለው በአንድ መስኮት ቢጣሉ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። ሁለቱን ኃያላን ለየብቻ አነጋግሬ፣ መስኮቱን ገለልተኛ አደርጋለሁ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች፤ ይህን ስዊድንኛ ከየት እንዳመጣሁትም ጠየቀችኝ። ተቀበሉኝ። እስከዛሬም እንጀራዬን የምበላው በዚያ ሙያ ነው።

ሁለቱ አዛውንቶች በዚያው ወዳጆች ሆኑ። የፋሲካ በዓላችን ከግሪኮቹ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል፣ በዓመቱ ሁለቱንም እቤታችን ጠራናቸው። ሴትዮዋ ቀይ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መጡና እርስ በርስ እያጋጩ መስበር አስተማሩን። ባለቤቴ እያከታተለ የሁላችንንም ሰበረ።

በበጋው ሴትዮዋ ሽማግሌውን ይዘዋቸው ፒሬየስ ሄዱ፤ ከዚያ ረኃብ አብረዋቸው ተርፈው እዚያው የቀሩ እህት ነበሯቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሽማግሌው ናቸው። ከኋላቸው የሳህንና የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። እንደ ልማዳቸው ብዙም አላወሩም። ፀሐዩ ኃይለኛ እንደሆነ ነገሩኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምረው፣ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ ብለው ዘጉ።

ባለቤቴ "ምን አሉ?" አለኝ።

"የእህትየዋ ልጆችና የልጅ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው፣ በቃኝ ብላቸው አልሰማ ብለው ይብሉ ይብሉ እያሉኝ ነው አሉ" አልኩት።